ጎንደር ውስጥ ማስጠንቀቂያ ጽፎ የሚያደርስ፣ ማስረጃውንም በእጃችሁ የሚያስይዝ ጽሕፈት ቤት

ጎንደር ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊያጽፍ ያሰበ ሰው ካለ ይቺን ያንብብ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ከተደረደሩት ጽሕፈት ቤቶች ስለ አንዱ ነው የምጽፈው። ሰሌዳው ላይ የቤቱ ስም የለም፤ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሕግ ጉዳይ» ይላል፣ በቃ። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

እኔ አዘዞ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም። በዚህ ሥራ ዱቤ ሳይሰጡ መኖር አይቻልም፣ ዱቤ ደግሞ የሚያስቀር ሰው አያጣም። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን መጋዘንም አከራያለሁ፤ እሷም የራሷ ጣጣ አላት። ስለዚህ ደብዳቤ ማጻፍ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፣ የብዙዎቹን ጽሕፈት ቤቶች ሥራ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ወረቀት ጽፈው ይሸጡላችኋል። እኚህ ሰው ግን ወረቀቱ ለሚመለከተው ሰው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችሁ ካልገባ «አለቀ» አይሉም። ለእኔ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ ይሄ ነው።

ልዩነቱ እንዲገባችሁ ከእሳቸው በፊት የሄድኩበትን ቤት ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። አንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ፣ እዚህ ሳይት ከፍቶ ከእኔ ብረትና ሲሚንቶ ሲወስድ ከርሞ ክፍያ አቆመ። ስልክ አይነሳም። ሲነሳም «ፋይናንስ ጋ ነው ያለው» ነው መልሱ። ያኛው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን ወዲያው አትሞ ሰጠኝ። ኮምፒውተራቸው ላይ የተቀመጠ ፎርም አለ፣ ስምና የብር መጠን እየቀየሩ ያወጣሉ። «በ3 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ በወንጀል እንጠይቅዎታለን» ይላል። የዱቤ ዕዳ አለመክፈል በምን ሒሳብ ነው ወንጀል የሚሆነው? ውሌን ያየው ሰው የለም። ከዚያ የራሳቸው ተላላኪ ወስዶ ለሳይቱ ዘበኛ ሰጠው። ፊርማ የለ፣ ቀን የለ፣ ማህተም የለ። «ደርሷል እታለም፣ አይዞሽ» አሉኝ። ድርጅቱ ግን «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» አለና ቁጭ አለ። ምን ተይዞ ይሞገታል?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ላይ፣ አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሌላው ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል ይላል። ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ማስጠንቀቂያው ወለድ ያስቆጥራል። ባለዕዳው እንዲከፍል ተጠይቆ ከዘገየበት ጊዜ ጀምሮ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል፣ እሱም ውሉ ሌላ ካላለ በዓመት 9 በመቶ ነው። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ካልታወቀ ወለዱ ከየት ተነስቶ ይቆጠራል? ዘበኛው ኪስ ውስጥ የቀረች ወረቀት ይሄን ሁሉ ታስቀራለች።

ጋሼ ጋ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ውሉ የታለ ልጄ?» የሚል ነበር። መነጽራቸውን አጥልቀው ገጽ በገጽ አነበቡት፣ ከኋላዬ ሰው እየጠበቀ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያዩት የመክፈያው ቀን ማለፉን ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያ መስጠት አይቻልምና፣ ይሄ 1773 ላይ ተጽፏል። ቀጥለው ውሉ ራሱ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም የሚል ነገር እንዳለው ይፈልጋሉ። ተዋዋዮቹ «ቀኑ ካለፈ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል» ብለው ከተስማሙ፣ ወይም ባለዕዳው ራሱ አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ደብዳቤው ግዴታ መሆኑ ይቀራል። ቁጥር 1775 ነው። እንዲህ ያለ ውል ይዞ ለመጣ ሰው «ብርህን አታባክን፣ ቀጥታ ወደ ክሱ ሂድ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገንዘብ የያዘ ደንበኛ የሚመልስ ጽሕፈት ቤት እኔ ሌላ አላየሁም።

ሌላም አለ። ወረፋ ስጠብቅ አንድ የደምቢያ ሰው ከእኔ ቀድሞ ገባ። ያበደረው ገንዘብ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፣ ይርጋ (ሕጉ ለመክሰስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ) እንዳይቆርጠው ማስጠንቀቂያ ሊያጽፍ ነው የመጣው። ጋሼ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ ደብዳቤ ይርጋን አያቋርጥም» አሉት። ሰውዬው አላመነም፣ ዘመዱ በየዓመቱ ደብዳቤ ላክ እንዳለው ነገራቸው። እሳቸው ሕጉን ከመደርደሪያው አውርደው 1851ን አነበቡለት። ይርጋ የሚቋረጠው ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ነው፣ ለምሳሌ ወለዱን ወይም ከዕዳው ትንሽ ሲከፍል፤ ወይም ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት ክስ ሲያቀርብ። ከዚያ «ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ሂድ፣ ለነገ አትበል» ብለው አስነሱት። በየዓመቱ ማስጠንቀቂያ እየላኩ መብታቸውን የጠበቁ የሚመስላቸው ነጋዴዎች እዚሁ አዘዞ አውቃለሁ። እባካችሁ ይሄን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው።

ደብዳቤው ራሱ አንድ ገጽ ነው። የትኛው ውል፣ መቼ የተፈረመ፣ በየትኛው ደረሰኝ ምን ያህል ዕቃ እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ምን ያህል እንደቀረ፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ። የክፍያ ጊዜ ሲሰጡ 3 ቀን አይሉም። ሕጉ ቁጥር 1774 ላይ የሚሰጠው ጊዜ እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት ስለሚል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነ ድርጅት 15 ቀን ጻፉለት። ስድብና ዛቻ አይጽፉም። ደንበኛው በንዴት «ሌባ በሉልኝ» ቢላቸውም አይጽፉም። «ይሄ ወረቀት ነገ ዳኛ ፊት ነው የሚነበበው» ይላሉ።

አሁን የወደድኩት ነገር፣ የደብዳቤው ግርጌ። ከፊርማዬ ዝቅ ብሎ መስመር ያሰምሩና «ይህን ደብዳቤ ከነአባሪው ተቀብያለሁ» ብለው ይጽፋሉ። ከሥሩ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ማህተም የሚሞላበት ቦታ አለ። «ከነአባሪው» የሚለው ቃል በከንቱ አልገባም። አባሪ የሆኑት ደረሰኞች ስንት ገጽ እንደሆኑ በቁጥርና በፊደል ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የደብዳቤው ቁጥር ይሰፍራል፣ በኋላ «ደብዳቤው ደርሶኛል፣ ደረሰኞቹ ግን አልነበሩም» የሚል ክርክር እንዳይመጣ። በሦስት ቅጂ ይታተማል። አንዱ ለተቀባዩ፣ አንዱ ተፈርሞበት ለእኔ፣ አንዱ እሳቸው ጋ በፋይል ይቀመጣል። ያቺ የተፈረመባት ቅጂ ከመዝገቤ ሁሉ ውድ ወረቀት ናት።

ለማን ይሰጣል የሚለው ላይ ደግሞ ድርቅ ያሉ ናቸው። ለድርጅት ሲሆን ዘበኛ፣ ሾፌር፣ ጽዳት ሠራተኛ አይሆንም። ሥራ አስኪያጁ፣ ወይም ደብዳቤ ለመቀበል የተመደበ ሰው መሆን አለበት። መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት ከሆነ «ገቢ» ተብሎ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማህተሙ ቅጂው ላይ ማረፍ አለበት። የቅርንጫፍ ኃላፊውን ስም ቀድመው ያጣራሉ፣ የድርጅቱን ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጽፋሉ፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው አይቀርም። ሰው በለመደው ስም የተጻፈ ደብዳቤ «እኔን አይመለከተኝም» ያሰኛል።

የእኔን ደብዳቤ ይዞ ወደ ሳይቱ የሄደው ረዳታቸው ነው፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። የሳይቱ ኃላፊ ደብዳቤውን አነበበና «እኔ ለመቀበል ሥልጣን የለኝም፣ አዲስ አበባ ላኩት» ብሎ መለሰው። በሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ልጁ ግን ሁለት ምስክሮች ይዞ ነው የመጣው፣ የእኔ ሠራተኞችም ዘመዶችም ያልሆኑ። እዚያው ቆሞ በቅጂው ጀርባ ላይ ጻፈው፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ለዚህ ኃላፊ ቀርቦለት አንብቦ አልቀበልም ብሏል፣ አንድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተትቷል። ምስክሮቹ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ክርክር የለ፣ ጩኸት የለ። ኃላፊው ራሱ ሲያየው መልኩ ተለወጠ።

በዚያው ቀን ሌላውን ቅጂ ለዋናው መሥሪያ ቤት በሪኮማንዴ ላክነው፣ ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት። ጣሊያን የሠራው ያ ሕንጻ ነው፣ የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙዎቻችን ግን በበሩ እናልፋለን እንጂ አንገባም። ፖስታ ቤት ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ሰው የሪኮማንዴን ጥቅም አላወቀም። ተመዝግቦ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ፈርሞ ይወስዳል፣ እናንተ ደግሞ ደረሰኝ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ክፍተት ግን አለው፣ እሱንም ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ። ደረሰኙ የሚያረጋግጠው ፖስታው መሄዱን ነው። ውስጡ ምን እንደነበር አይናገርም። ተቀባዩ «ባዶ ወረቀት ነው የመጣልኝ» ቢል ምን ይባላል? ስለዚህ የደብዳቤውን ቁጥር ፖስታው ላይ ይጽፋሉ፣ ቅጂው ላይ ደግሞ የሪኮማንዴውን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ፖስታው ሲታሸግ ምስክሮቹ እንዲያዩ ያደርጋሉ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ሌላውን ይጠራሉ።

ፖስታ ቤቱ ለግለሰብ ያን ያህል አይረዳም። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚሄደው ወደ ፖስታ ሳጥን ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ሳጥን የለውም። ድርጅት ከሆነ ግን የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ደብዳቤው አናት ላይ አለ። ውል ስትፈራረሙ አድራሻ የሚለውን ክፍል በደንብ አስሞሉት። ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ ፖስታ ሳጥን፣ ስልክ፣ ኢሜይል። «አድራሻ፦ ጎንደር» ብቻ ተብሎ የተፈረመ ውል ስንቱን ሰው እንዳንከራተተ ጋሼ ጋ ተቀምጦ ማየት ነው።

ድርጅቱ የተሰጠው ቀን ሳያልቅ ደወለ። የማይነሳው ስልክ ማለት ነው። ተነጋግረን በክፍል በክፍል እንዲከፍል ተፈራረምን፣ እየከፈለም ነው።

የመጋዘኑ ተከራይ ጉዳይ ግን ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እዚያ ላይ የጋሼን ሥራ ይበልጥ አየሁት። ክስ ከከፈታችሁ በኋላ መጥሪያውን ከመዝገብ ቤት ተቀብላችሁ ለተከሳሹ የምታደርሱት አብዛኛውን ጊዜ እናንተው ናችሁ። ተከሳሹ ፈርሞ፣ የተፈረመበት ቅጂ ተመልሶ መዝገቡ ላይ መያያዝ አለበት፣ ያደረሰው ሰውም በቃለ መሃላ ያረጋግጣል። ተከራዬ ግን ዛሬ መተማ ነው ይባላል፣ ነገ ሁመራ። ቤቱ ስሄድ «ወጥቷል»። ጠዋት ነው ማታ ነው ብል መልሱ አንድ ነው። መጋዘኑን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ነው የጠፋው።

«በጋዜጣ ላስጠራው» አልኳቸው ጋሼን። «ቆይ ልጄ፣ ገና ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 105 በጋዜጣም ሆነ በመለጠፍ መጥራትን የሚፈቅደው ተከሳሹ ሆን ብሎ መሰወሩን ወይም በተለመደው መንገድ ማድረስ አለመቻሉን ፍርድ ቤቱ ሲያምን ነው። ያ ደግሞ የሚታመነው የሞከርነው ሁሉ ተጽፎ ሲቀርብ ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም የጋዜጣ ጥሪ የመጨረሻው አማራጭ መሆኑን ደጋግሞ ወስኗል። የተከሳሹ አድራሻ እየታወቀ ሮጦ ጋዜጣ ላይ ማውጣት መዘዝ አለው። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በቁጥር 70 መሠረት በሌለበት ይታያል፣ ይፈረድበታል። መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሰው ግን ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ በቁጥር 78 አመልክቶ ፍርዱን ሊያስነሳ ይችላል። ቅዳሜ ገበያ የምትሠራ አንዲት እናት እዚያው ጽሕፈት ቤት ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። የፈረደላትን አስፈጽማ ልትጨርስ ስትል ተከሳሹ መጥቶ «የት እንዳለሁ እያወቀች በጋዜጣ ጠራችኝ» ብሎ ፍርዱን አስነሳባት፣ እንደገና ከዜሮ። ይሄን ያህል ዓመት የደከመችበት ነው። እንዲህ ያስጀመራት ሰው አስቀድሞ አንድ ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት?

ስለዚህ ጋሼ በየሄድንበት ቀን አጭር ማስታወሻ እንድንይዝ አደረጉ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ። ቀበሌው ሰውዬው እዚያ ቤት እንደሚኖር በደብዳቤ አረጋገጠ። ማመልከቻው ከነዚህ ሁሉ ጋር ቀረበ፣ ከቃለ መሃላ ጋር። ዳኛዋ አንብበው መጥሪያው በመኖሪያ ቤቱ በር ላይና በፍርድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዙ። ሲለጠፍ ልጁ ፎቶ አነሳ፣ ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ጋዜጣ አላስፈለገንም። በቀጠሮው ቀን ተከራዩ ከነጠበቃው መጣ፣ መተማም ሁመራም አልነበረም።

ጋዜጣ የግድ ሲሆን ደግሞ የትኛው የሚለው አለ። በክልላችን በኩር አለ፣ በሳምንት አንዴ ባሕር ዳር የሚታተመው፣ የሽያጭና የፍርድ ቤት ማስታወቂያ የሚወጣበት። አዲስ ዘመንም አለ። የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ጋሼ የሚያደርጉት ማስታወቂያው የወጣበትን እትም ገዝቶ ዋናውን ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ነው። የመዝገብ ቁጥሩና የቀጠሮው ቀን በትክክል መታተሙን በጣታቸው እየጠቆሙ ያነባሉ።

አንድ ነገር ላንሳ። በዚህች ከተማ በነገሥታቱ ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ከተባለ አዋጁ ሁሉንም ይይዝ ነበር። ዛሬም ሕግ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ አላየሁም ማለት አያዋጣም። አንድን ሰው ለይቶ የሚነካ ነገር ሲሆን ግን በስሙ ተጽፎ በእጁ ሊደርሰው ይገባል፣ ይሄ ለተከሳሹም ፍትሕ ነው። እኔ ዛሬ ከሳሽ ሆኜ ብማረርም፣ ነገ እኔ ሳልሰማ ቤቴ እንዲፈረድብኝ አልፈልግም።

ጋሼ ጋ የሚመጣው የዱቤ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ለማሰናበት የሚመጡ ቀጣሪዎች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የስንብት ማስጠንቀቂያ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል፣ ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። በስልክ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ማለት ማስጠንቀቂያ አይባልም። አንድ የሆቴል ባለቤት ይሄን ሲነገረው «ለአንዲት አስተናጋጅ ይሄ ሁሉ?» አለ። አዎ፣ ለአንዲት አስተናጋጅም። ባንክ ያስያዛችሁትን ቤት ለመሸጥ ሲነሳም በአዋጅ 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የፌዴራል ግብር ከፋይ የሆናችሁ ደግሞ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ቅሬታ የማቅረቢያው 21 ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ፈርሞ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚወረውር ነጋዴ ጊዜው ሲያልፍበት ነው የሚሯሯጠው።

በቴሌግራም ስለ መላክም ጠይቄያቸው ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ነውና። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት እውቅና ሰጥቷል፣ ስለዚህ ዋጋ የለውም አይባልም። የጋሼ ምክር ግን ላኩ፣ አንብቦ የመለሰውንም አስቀምጡ፣ ወረቀቱን ግን አትተዉ የሚል ነው። «ስልኩ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ሞልቷል። ሰባ ዓመት የተጠጋ ሰው እንዲህ አስተካክሎ ሲያስረዳኝ ደስ አለኝ።

አሁን የቀነስኳት ኮከብ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ወንበሮቹ ከጠረጴዛቸው ጋር ተጠጋግተዋል፣ የአንዱን ጉዳይ ሁሉም ይሰማል። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ከባሏ ልትፋታ እንደሆነ፣ የማን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ እንደሆነ። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ማታ ወሬው ቤታችሁ ቀድሟችሁ ይገባል። የደምቢያውን ሰውዬና የቅዳሜ ገበያዋን እናት ታሪክ የሰማሁት እኮ በዚሁ ምክንያት ነው። ይሄ ቀላል ጉድለት አይደለም፣ መጋረጃ እንኳ ቢሰቀል ምን አለበት? ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። «ልክ ብለሻል» አሉ፣ እስካሁን ግን አልተሰቀለም።

ሌላው መብራት ነው፣ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ጀነሬተር የላቸውም። ዋጋ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። ከጎረቤቶቻቸው ወደድ ይላሉ፣ ማድረሱና ምስክሩ ሲጨመር ደግሞ የበለጠ፤ እኔ አልቆጨኝም፣ ግን አስቀድሞ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ከከተማው ውጭም አያደርሱም። ጠዳ ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ያለፈውን በራሳችሁ ነው። የምትጽፈው ልጅ እጇ ፈጣን ነው፣ ስም ላይ ግን ትስታለች። «ሀይሉ» እና «ኃይሉ» ለእኛ አንድ ነው፣ መታወቂያ ላይ ግን ያለው እንዳለ መጻፍ አለበት። ከማተሟ በፊት ራሳችሁ አንብቡት።

ጋሼ ጠበቃ አይደሉም፣ ነኝ ብለውም አያውቁም። ነገሩ ሲከብድ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው ይልካሉ። ወረቀት ጽፎ ለማድረስና ማስረጃውን አሟልቶ ለመያዝ ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው እዚህ ከተማ እኔ አላገኘሁም።

ስትሄዱ የውሉን ዋና ቅጂ፣ መታወቂያችሁን፣ ደረሰኞቹን፣ የሰውዬውን ሙሉ ስም ከነአያቱና ትክክለኛ አድራሻውን ይዛችሁ ሂዱ። ድርጅት ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ፈልጉ፣ ካጣችሁ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ላይ ሙሉ ስሙንና የግብር ከፋይ ቁጥሩን ታገኛላችሁ። ምስክር ራሳችሁ የምታመጡ ከሆነ ከቤተሰብና ከሠራተኛ ውጭ ይሁን። ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ችሎት የሚበዛበት ቀን ስለሆነ ወረፋው ደጅ ድረስ ነው። ከምሳ በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል፣ ያኔ ሰው ስለሚቀንስ ጉዳያችሁንም ቀስ ብላችሁ ልታስረዱ ትችላላችሁ።